ጠፍቶም የሚግል፦ የተጎዳ የኑክሌር ማብላያ እንዴት ይቀዘቅዛል?

አዲስ ቅዳም አካባቢ ያደገ ሰው ስለ ከሰል አይነገረውም። በፋግታ ለኮማ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ቆርጦ፣ ከምሮ፣ አፈር አልብሶ ማክሰል የብዙ ቤት መተዳደሪያ ነው። ጢሱ ቆመ ማለት ክምሩ በረደ ማለት አይደለም። ቸኩሎ የከፈተው ሰው ከሰሉ አየር ሲያገኝ መልሶ ይቀጣጠልበታል። በደንብ ሳይበርድ ጆንያ ውስጥ የገባ ከሰል መኪና ላይ ተነስቶ ጭነቱን ሊያነድ ይችላል። ስለዚህ አክሳዩ ይጠብቃል። እጁን አስጠግቶ ይሞክራል፣ እንደገና ይጠብቃል።

የኑክሌር ማብላያ አደጋም ከዚሁ ይጀምራል። ማብላያውን ማጥፋት የሰከንዶች ሥራ ነው። ማብረዱ ግን ዓመታት ይፈጃል። ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከሩሲያው የኑክሌር ድርጅት ሮሳቶም ጋር የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች። ወሬው ቡና ላይ ሲነሳ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ «ቢፈነዳስ?» ነው። እኔ ብጠየቅ ግን አስቀድሜ የማነሳው ሌላ ነው፦ መብራትና ውሃ ቢቋረጥበት ምን ይሆናል?

ማብላያ ውስጥ ሙቀት የሚመነጨው የዩራኒየም አተሞች ሲሰነጠቁ ነው። መቆጣጠሪያ ዘንጎቹ ሲገቡ ስንጠቃው ይቆማል። ሙቀቱ ግን ይቀጥላል። ከተሰነጠቁት አተሞች የተገኙት አዳዲስ ንጥረ ነገሮች የተረጋጉ አይደሉም። ጨረር እየለቀቁ ሲለወጡ ሙቀት ያወጣሉ። የከሰሉ ምሳሌ እዚህ ላይ ይበቃዋል። ከሰል አየር ከተነፈገ ይሞታል፤ ይሄኛው አየር አይፈልግም፣ የሚያጠፋው ማብሪያ ማጥፊያም የለውም። በራሱ ጊዜ እስኪደክም ድረስ ሙቀቱን እየወሰዱለት መቆየት ብቻ ነው።

መጠኑስ? ማብላያው በቆመበት ቅጽበት ይህ ቀሪ ሙቀት ከሙሉ ኃይሉ ከ6 እስከ 7 በመቶ ያህል ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ 1.5 በመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ ወደ ግማሽ በመቶ ይወርዳል። ሲሰሙት ትንሽ ነው። የጃፓኑን የፉኩሺማ ዳይቺ ጣቢያ 1ኛ ማብላያ እንውሰድ። የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ 460 ሜጋዋት ነበር፤ የእኛው ጣና በለስም 460 ነው። ሆኖም 460 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ ለማውጣት ማብላያው 1,380 ሜጋዋት ሙቀት ማምረት ነበረበት። በቆመ በአንድ ሰዓቱ ነዳጁ ገና ወደ 20 ሜጋዋት የሚጠጋ ሙቀት ያወጣል። ይህ ከአሮጌው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ሙሉ አቅም ይበልጣል። ከዚህ ሙቀት 10 ሜጋዋቱ ብቻ በሰዓት 14 ቶን ያህል ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ያተናል። በቢጫ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስንቆጥረው በየሰዓቱ 700 ጀሪካን ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ።

ጣና በለስ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። ከኩንዝላ በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ የሚመጣው ውሃ ሲዘጋ ተርባይኑ ይቆማል፣ አለቀ። ከውሃ ኃይል ጋር ለኖርን ሰዎች የኑክሌር ጣቢያ ላይ ትልቁ አዲስ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ጤነኛ ማብላያ እንዴት እንደሚበርድ ለማየት አረቄ የሚወጣበት ጓዳ መግባት ይበቃል። ድፍድፉ እንስራ ውስጥ ይፈላል። እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ወደ ሌላ ዕቃ ይሄዳል። ያ ዕቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል። እንፋሎቱ እዚያ ሲደርስ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆንና ይንጠባጠባል። ልጅ ሆኜ የእኔ ሥራ ከዕቃው አጠገብ ቁጭ ብዬ የውጭውን ውሃ በጣቴ መንካት ነበር። ለብ ሲል «ሞቀ!» እላለሁ፤ እናቴም «በል ለውጠው፣ ምን ትጠብቃለህ!» ትላለች። ካልተለወጠ እንፋሎቱ ሳይረጋ በክፍተቱ ሁሉ ያመልጣል፣ የቀኑ ድካም ከንቱ ይቀራል። ውስጥ ያለው አረቄና ውጭ ያለው ውሃ አይነካኩም፤ የሚሻገረው ሙቀቱ ብቻ ነው። ማብላያውም እንዲሁ ነው። በጨረር የተበከለው ውሃ በውስጥ መስመር ይዞራል። ከወንዝ ወይም ከባሕር የሚመጣው ንጹሕ ውሃ ከብረት ቱቦው ማዶ ሆኖ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ልዩነቱ ውሃውን የሚለውጠው ልጅ ሳይሆን ፓምፕ መሆኑ ነው። ፓምፕ ደግሞ መብራት ይፈልጋል።

መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. በጃፓን ሰዓት ከቀኑ 8፡46 ላይ መጠኑ 9.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። በፉኩሺማ ዳይቺ ከነበሩት 6 ማብላያዎች ሦስቱ ሥራ ላይ ነበሩ። ሦስቱም ወዲያው በራሳቸው ቆሙ። ከውጭ የሚመጣው የኤሌክትሪክ መስመር ተቋረጠ፣ የናፍጣ ጄኔሬተሮቹ ተነሱ። እስከዚህ ሁሉም በታሰበው መንገድ ሄደ። ከ50 ደቂቃ ገደማ በኋላ ግን 14 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የሱናሚ ማዕበል መጣ። ጣቢያው የተዘጋጀው 6 ሜትር ገደማ ለሚሆን ማዕበል ነበር። ጄኔሬተሮቹና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያዎቹ በአብዛኛው ምድር ቤት ስለነበሩ ውሃው ዋጣቸው። መብራት ጠፋ።

እኛ ቤት መብራት ሲጠፋ ሻማ ይለኮሳል። እዚያ ግን መቆጣጠሪያ ክፍሉ ጨለመ፣ ነዳጁ ባለበት የማብላያው ጋን ውስጥ ውሃው የት እንደደረሰ የሚያሳዩት መለኪያዎች ሞቱ። ሠራተኞቹ ከግቢው መኪኖች ባትሪ ነቅለው አመጡ። በእጅ መብራት እያበሩ ከመለኪያዎቹ ሽቦ ጋር አገናኙት። በዚያ ጨለማ ውስጥ የመኪና ባትሪ ተሸክሞ የሚሮጠውን ሠራተኛ ሳስብ ከአደጋው ሁሉ እሱ ነው ዓይኔ ላይ የሚቀረው።

ውሃው እየተነነ ሲጎድል ነዳጁ ይገለጣል። የነዳጅ ዘንጎቹ ሽፋን ዚርኮኒየም የሚባል ብረት ነው። ሙቀቱ 1,200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይህ ብረት ከእንፋሎቱ ጋር አጥብቆ ይዋሃዳል። ከዚህ ውህደት ተጨማሪ ሙቀትና ሃይድሮጂን ይወጣሉ። 2,800 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነዳጁ ራሱ ይቀልጣል። ሃይድሮጂኑ ወደ ሕንፃዎቹ አምልጦ የ1ኛውን ሕንፃ በማግስቱ፣ የ3ኛውን ከሦስት ቀን በኋላ አፈነዳ። ዓለም በቴሌቪዥን ያየው ፍንዳታ የሃይድሮጂን ነው። የአቶም ቦምብ ዓይነት ፍንዳታ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ማብላያ ሲገጥም የመጀመሪያው ሥራ ውሃ ማስገባት ነው፤ ያገኙትን ውሃ፣ ባገኙት መንገድ። በፉኩሺማ የተገኘው የእሳት አደጋ መኪና ነበር። እዚህ ላይ ግፊት የሚባል እንቅፋት አለ። ፕሬዠር ድስት የሚጠቀም ሰው ያውቀዋል፤ እንፋሎቱ ሳይወጣ ክዳኑ አይነካም። የዚህ ዓይነቱ ማብላያ ጋን ሥራ ላይ ሲሆን የአየር ግፊትን 70 ጊዜ ያህል እጥፍ ይይዛል። የእሳት አደጋ መኪና ፓምፕ ወደ 10 እጥፍ አካባቢ ነው የሚገፋው። ስለዚህ ቫልቭ ከፍቶ እንፋሎቱን ማስተንፈስ ግድ ነው። ያን ቫልቭ ለመክፈት ደግሞ መብራትና የታመቀ አየር ያስፈልጋል። በኋላ እንደታወቀው ከተረጨውም ውሃ ከፊሉ ማብላያው ጋ ሳይደርስ በሌሎች ቧንቧዎች ፈሶ ነበር።

ንጹሕ ውሃው ሲያልቅ ወደ ባሕር ውሃ ተኬደ። ጨው ብረት ይበላል፣ ውሃው ሲተንም ይጋገራል። የባሕር ውሃ የገባበት ማብላያ ዳግም አይሠራም። የጣቢያው ኃላፊ ማሳኦ ዮሺዳ ከበላይ «አቁም» ሲባል በስብሰባው ፊት የማቆም ትእዛዝ ሰጠ። ሠራተኛውን ግን አስቀድሞ በሹክሹክታ «ብልህም እንዳታቆም» ብሎት ነበር። ውሃው ቀጠለ። ልክ ሠርቷል እላለሁ። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ንጹሕ ውሃ ተገኝቶ ተተካ።

ከውሃው ጎን ለጎን ሌሎች ሥራዎች አሉ። የቀለጠው ነዳጅ ተመልሶ ስንጠቃ እንዳይጀምር ቦሪክ አሲድ ይጨመራል። ሃይድሮጂን ዳግም እንዳይፈነዳ ናይትሮጂን ይነፋል፤ ከሰሉን አየር እንደመንፈግ ያለ ነገር ነው። ያገለገለ ነዳጅ የሚቀመጥባቸው ገንዳዎችም አሉ። እነሱም ይሞቃሉ። ሄሊኮፕተር ውሃ ሲጥልባቸው ብዙው ነፋስ ላይ ቀረ። የተሻለ የሠራው ረጅም ክንድ ያለው የኮንክሪት ፓምፕ መኪና ነበር።

5ኛውና 6ኛው ማብላያ ግን ተርፈዋል። ምክንያቱ አንድ ጄኔሬተር ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ስለነበርና ውሃው ስላልደረሰበት መሥራቱን ቀጠለ፣ መብራቱንም ለሁለቱ አካፈለ።

ውሃ ማስገባት ራሱ ሌላ ችግር ወለደ። ጋኖቹ ተበስተዋል፤ የገባው ውሃ ተበክሎ ምድር ቤት ተጠራቀመ። በላዩ ላይ ከተራራው የሚወርደው የከርሰ ምድር ውሃ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቀን እስከ 400 ቶን ይጨምርበት ነበር። ከሰኔ 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ውሃው ተስቦ፣ ሲዚየም የሚባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ተጣርቶ፣ ተመልሶ ማብላያውን እንዲያበርድ ተደረገ። የከርሰ ምድሩን ለመከልከል በሕንፃዎቹ ዙሪያ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት፣ 30 ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር በቧንቧ በረዶ ተደርጎ እንደ ግድግዳ ቆመ። የተረፈው ውሃ ከ1,000 በሚበልጡ ታንከሮች ተጠራቀመ። ማጣሪያው ትሪቲየምን፣ ጨረር የሚያወጣውን የሃይድሮጂን ዓይነት፣ አይለይም፤ ትሪቲየም ራሱ የውሃው አካል ሆኖ ይገባልና። ስለዚህ ውሃው በብዙ ባሕር ውሃ ተበርዞ ከነሐሴ 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ባሕር ይለቀቃል።

ጃፓን ማብላያዎቹ «ቀዝቃዛ መቆም» ላይ ደርሰዋል ብላ ያወጀችው በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ጋኑ ክፍት ቢሆንም ውሃው እንዳይፈላ ሙቀቱን ከ100 ዲግሪ በታች ማድረስ ነው። ቁጥሩ የባሕር ጠረፍ ቁጥር መሆኑን ልብ እንበል። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል።

ከፉኩሺማ በፊት የሆኑትን ሁለቱን ባጭሩ ላንሳ። በአሜሪካ ስሪ ማይል አይላንድ መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም. አንድ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። በሰሌዳው ላይ ያለው መብራት የሚያሳየው የመዝጊያው ትእዛዝ መተላለፉን እንጂ ቫልቩ መዘጋቱን አልነበረም። ሠራተኞቹ ውሃ በዝቷል ብለው የአደጋ ጊዜውን ውሃ ቀነሱ። የነዳጁ ግማሽ ያህል ቀለጠ። 16 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ አንዱ ትልቅ ፓምፕ ሲነሳ ውሃው ዞረ፣ ማብላያውም ተረጋጋ።

ቼርኖቤል፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ፈጽሞ ይለያል። ማብላያው ራሱ ፈርሶ ተከፍቷል፣ በውስጡ የነበረው ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ይነዳል። ከሄሊኮፕተር 5,000 ቶን ያህል ቦሮን፣ አሸዋ፣ ሸክላ አፈርና እርሳስ ተጣለበት። የቀለጠው ነዳጅ ከሥር ካለው ውሃ ጋር እንዳይገናኝ ሦስት ሠራተኞች ምድር ቤት ገብተው የማፍሰሻ ቫልቮቹን ከፈቱ። ማዕድን ቆፋሪዎች ከሥሩ ዋሻ ቆፍረው ማቀዝቀዣ ቢያዘጋጁም ሳይሠራበት ቀረ። በኅዳር 1979 ዓ.ም. በኮንክሪትና በብረት ተሸፈነ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ግዙፍ የብረት ቅስት በሐዲድ ተንሸራቶ ከላዩ ተደፋበት።

በፉኩሺማ ሦስቱ ማብላያዎች ውስጥ የቀረው የቀለጠ ነዳጅና ፍርስራሽ 880 ቶን ያህል ይገመታል። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ በረጅም ዘንግ ተጎትቶ የመጀመሪያው ናሙና ወጣ፤ ክብደቱ አንድ ግራም አይሞላም። ውሃው ዛሬም በየሰዓቱ ጥቂት ቶን ይገባል።