አንግልን በዓይን መገመት

ሁለት መስመሮች ከአንድ ነጥብ ሲነሡ፣ አንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ የሚዞረው መጠን አንግል ነው። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ዘዌ ይሉታል። የሚለካው በዲግሪ ሲሆን ሙሉ ዙር 360 ነው። ይህ ቁጥር በ60 እየቆጠሩ ያሰሉ ከነበሩት ባቢሎናውያን የወረደ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ መስመሮቹ ሲረዝሙ አንግሉ የሚሰፋ ይመስለዋል። አይሰፋም። መስመሮቹን ሜዳ እስኪሞሉ ብታስረዝማቸው 40 ዲግሪ ያው 40 ነው።

ግምት የሚጀምረው ከ90 ነው። የደብተር ወረቀት ጥግ 90 ነው፤ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ ሲታጠፍ 45 ይሆናል። ከ90 ያነሰው ሹል፣ ከ90 በልጦ 180 ያልደረሰው ዝርጥ ይባላል። ግንበኞች መሠረት ሲቀይሱ ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ጥግ መለኪያ) ብቻ አያምኑም። ከጥጉ ተነሥተው በአንዱ ክር ላይ 3 ሜትር፣ በሌላው ላይ 4 ሜትር ለክተው ምልክት ያደርጋሉ። በምልክቶቹ መካከል 5 ሜትር ከሞላ ጥጉ ልክ ነው። 4.90 ከወጣ ግን ጠቧል፤ ክሩ መከፈት አለበት።

ፕሮትራክተር፣ ማለትም የአንግል መለኪያ፣ እያለ መገመት ለምን? ፕሮትራክተር ራሱ ስለሚያሳስት ነዋ! ሁለት ረድፍ ቁጥር አለው፤ በአንድ ቦታ ላይ 60ም 120ም ተጽፏል። አንግሉ ሹል መሆኑን አስቀድሞ ያየ ሰው 120 ብሎ አይጽፍም።

ለመለማመድ ባለ ዘንግ የግድግዳ ሰዓት ይበቃል። በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል 30 ዲግሪ አለ። የኛ አቆጣጠር ደግሞ ጨዋታውን ያጣፍጠዋል። ሰዓቱ በዓለም አቀፉ አሞላል ከተሞላ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ስንል አጭሩ ዘንግ 7 ላይ ነው፤ አንግሉም 150 ነው እንጂ 30 አይደለም። ሦስት ሰዓት ላይ ግን በየትኛውም አሞላል 90 ነው። በዓለም አቀፉ አሞላል ሦስት ተኩል ሲሆን ብዙ ሰው 90 ይላል። አጭሩ ዘንግ ግን ቆሞ አይጠብቅም፤ ከ9 ወደ 10 ግማሽ መንገድ ሄዷል፣ ስለዚህ 105 ነው።

ለሩቅ ነገር እጅ አለ። ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ እጅ ስፋት ወደ 10 ዲግሪ፣ የትንሿ ጣት ውፍረት ወደ 1 ዲግሪ ይሸፍናል። ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ስለሆነች ትንሿ ጣት ሙሉ በሙሉ ትጋርዳታለች። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ያለው ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ያለው ርቀት በዲግሪ) ጋር ይቀራረባል፤ በአዲስ አበባ 9 ዲግሪ አካባቢ ነው። ተራራ ካልከለለ አንድ ጭብጥ እንኳ አይሞላም። አክሱም ላይ 14 ስለሚደርስ አንድ ጭብጥና አራት ትንሽ ጣት ያህል ይሆናል።