የቤዝ አምፕ ጩኸት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቤዝ አምፕ፣ ማለትም የቤዝ ጊታርን ድምፅ የሚያጎላው መሣሪያ፣ መጮህ ሲጀምር ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ካቻቪቴ ያነሳል። መስማት ግን ከመፍታት መቅደም አለበት። ጩኸቱ ራሱ ብልሽቱ የት እንዳለ ይናገራል፤ የቤዝ ተጫዋች ደግሞ ይህን ለመለየት የሚበቃ ጆሮ አለው። በተጫዋቾች መካከል ሲዘዋወሩ የኖሩ አንዳንድ አመለካከቶች ግን ሰውን ለከንቱ ወጪ፣ አንዳንዴም ለአደጋ ይዳርጋሉ።

«አምፑ ከጮኸ የተበላሸው አምፑ ነው»

ብዙ ጊዜ አይደለም። የጊታሩን ኬብል ከአምፑ ንቀሉት፤ ጌይኑን (የመግቢያ ድምፅ ማጎሊያውን) እና ቮልዩሙን እንደነበሩ ተዉ። ጩኸቱ ጸጥ ካለ ችግሩ ያለው ከኬብሉ፣ ከፔዳሎቹ (በእግር ከሚረገጡት የድምፅ መቀየሪያዎች) ወይም ከጊታሩ ነው። መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ። ቀጥሎ ፔዳሎቹን አንድ በአንድ አውጡ። በአንድ አዳፕተር ብዙ ፔዳል ማስነሳት የታወቀ የጩኸት ምንጭ ስለሆነ አንዱን በባትሪ ሞክሩት።

ኬብሉ ተነቅሎም ጩኸቱ ከቀጠለ ማስተር ቮልዩሙን፣ ማለትም የጠቅላላ ድምፁን መቆጣጠሪያ፣ ዜሮ አድርጉ። አሁን ከጠፋ ብልሽቱ ከማስተሩ በፊት፣ የጊታሩን ድምፅ መጀመሪያ በሚቀበለው ክፍል፣ በፕሪአምፑ ውስጥ ነው። ካልጠፋ ስፒከሩን የሚነዳውን ፓወር አምፑን ወይም ለአምፑ ኃይል የሚያቀርበውን ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ። አንድም ብሎን ሳይፈታ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

«እምምም የሚል ጩኸት ሁሉ መንስኤው አንድ ነው»

እዚህ ላይ ጊታራችሁ ራሱ መለኪያ ይሆናል። በአብዛኛው ዓለም የመብራት ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ 50 ኸርዝ ነው። ከውጭ የሚገባ ጩኸት ወይም በሁለት መሣሪያዎች ኧርዝ (ወደ መሬት በሚወርደው የደህንነት መስመር) መካከል የሚፈጠር ዙር ብዙውን ጊዜ የሚሰማው በዚሁ 50 ኸርዝ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ግን ተመላላሹን ኃይል ወደ አንድ አቅጣጫ የሚቀይረው ሬክቲፋየር የሞገዱን ሁለቱንም ግማሽ ስለሚጠቀም የሚወጣው ጩኸት እጥፍ፣ 100 ኸርዝ ይሆናል። ይህን ማለስለስ ኃይል የሚያጠራቅሙት የካፓሲተሮቹ ሥራ ነው፤ ሲያረጁ ያቅታቸዋል።

ታዲያ ሁለቱን በጆሮ እንዴት እንለያቸው? በተለመደው ቅኝት የወፍራሙ የኢ ክር 3ኛ ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ያለው 3ኛ ክፍል) 49 ኸርዝ ነው። ሳይጫኑት የሚመታው ቀጭኑ የጂ ክር ደግሞ 98 ኸርዝ ነው። ጩኸቱ ከመጀመሪያው ጋር ከገጠመ ኬብሎችንና ሶኬቶችን ተመልከቱ። ከሁለተኛው ጋር ከገጠመ፣ በተለይ አምፑ 15 እና 20 ዓመት የሆነው ከሆነ፣ የፓወር ሰፕላይ ካፓሲተሮች መታየት አለባቸው። አናታቸው ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያወጡ ከሆነ ጥርጣሬው ያለቀለት ነው። ኃይሉ 60 ኸርዝ በሆነበት እንደ ሰሜን አሜሪካ ባለ ቦታ ዝቅተኛው ጩኸት በኤ ክር 1ኛና 2ኛ ፍሬት መካከል፣ ከፍተኛው ደግሞ በጂ ክር 3ኛና 4ኛ ፍሬት መካከል ይወድቃል።

አንድ ጥንቃቄ፦ የኧርዝ ዙር አንዳንዴ ዝዝዝ የሚሉ ከፍ ያሉ ድምፆችንም ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የምታዳምጡት ከሥር ያለውን ወፍራሙን ድምፅ ይሁን።

«የስፒናውን ኧርዝ ብትቆርጠው ጩኸቱ ይጠፋል»

ሊጠፋ ይችላል፤ ሰውም ሊገድል ይችላል። ይህን ምክር የሚሰጣችሁን ሰው አትስሙት። አምፑ ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቆ ብረት አካሉን ቢነካ፣ ኧርዙ ኃይሉን ወስዶ ፊውዙን ያቃጥላል። ኧርዙ ከሌለ ግን ያው ኃይል በጃኩ (በኬብሉ መሰኪያ)፣ በኬብሉ መሸፈኛና ክሮቹ በሚታሰሩበት ብሪጅ አልፎ ክሮቹ ላይ ይደርሳል። በዚያ ላይ ከንፈራችሁ ማይክሮፎን ከነካ ኃይሉ በሰውነታችሁ ውስጥ ያልፋል።

ትክክለኛው መፍትሔ ቀላል ነው። አምፑን፣ ሚክሰሩንና ፔዳሎቹን ከአንድ ሶኬት፣ በአንድ ዲቫይደር አስነሱ። አምፑ ድምፁን በቀጥታ ወደ ሚክሰር የሚልክ ዲአይ የሚባል መውጫ ካለው አጠገቡ «ግራውንድ ሊፍት» የሚል ማብሪያ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። እሱ የሚያቋርጠው በድምፅ ኬብሉ በኩል ያለውን ግንኙነት ብቻ ነው፤ የመብራቱ ኧርዝ ሳይነካ ይቀራል። ማብሪያው ከሌለ በመካከል የሚገባ፣ ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ የሚባል ሳጥን ይሠራል።

«ክሩን ስነካ ጩኸቱ ከቀነሰ የጊታሩ ኧርዝ ተበጥሷል»

ተቃራኒው ነው። ሰውነታችን በዙሪያው ያለውን የኤሌክትሪክ ጩኸት ሰብስቦ የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ወደሚቀይረው ፒክአፕ ያቀርባል። ክሮቹ በብሪጁ በኩል ከኧርዝ ጋር ስለተያያዙ ስትነኳቸው ያ ጩኸት ይወርዳል። ሽቦው ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ስትነኩት የሚብስ ከሆነ ግን የጃኩ ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠው ተበይደው ሊሆን ይችላል። ብትነኩትም ባትነኩትም ለውጥ ከሌለው የብሪጁን ሽቦ ፈትሹ።

ሁለት ነጠላ ፒክአፕ ያለው ቤዝ ካላችሁ ሁለቱንም ቮልዩም እኩል ክፈቱ። ብዙዎቹ አንዱ የሌላውን ጩኸት እንዲያጠፋ ተደርገው የተጠመጠሙ ናቸው።

«ቮልዩሙ ሲዞር ኮሽ ኮሽ ካለ መቀየር አለበት»

መጀመሪያ ይጽዳ። ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ የኮንታክት ማጽጃ ነፉበትና ደጋግማችሁ ወዲያ ወዲህ አዙሩት። አምፑ ከመብራት መነቀሉን እርግጠኛ ሁኑ። የማሽን ዘይት አትጠቀሙ፤ አቧራ ይሰበስባል። ጸድቶም ኮሽታው ከተመለሰ ከጀርባው ያለ ካፓሲተር ኃይል እያሾለከ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ቮልዩም መግጠም ብቻውን ላያድን ይችላል።

«ድምፁ እየመጣ እየሄደ ከሆነ አምፑ አልቆለታል»

ይህ ብልሽት ስንት ደህና አምፕ አስጥሏል! ከኋላ «ሴንድ» እና «ሪተርን» የሚሉ ሁለት የኤፌክት ቀዳዳዎች ካሉ በአጭር ኬብል አገናኟቸው። ድምፁ ከተስተካከለ ጥፋተኛው ተገኘ። በብዙ አምፖች ላይ ቀዳዳዎቹ ባዶ ሲሆኑ ድምፁ በሪተርን ጃክ ውስጥ ባለች ትንሽ መነካኪያ በኩል ያልፋል፤ እሷ ስትዝግ ድምፁ ይቆራረጣል። ጥቂት ማጽጃ የነካ የኬብል ጫፍ ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት ብዙ ጊዜ ይበቃታል።

«የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ካለ ስፒከሩ ተቀዷል»

የላላ እጀታ፣ የፊት መረቡና ብሎኖች እንዲሁ ይንቀጠቀጣሉ። ሰው ኖታዎቹን ቀስ እያለ ይምታ፣ እናንተ ሳጥኑን በእጅ እየተጫናችሁ አዳምጡ። ሽሽሽ የሚለው ስስ ድምፅስ? ሳጥኑ ትዊተር፣ ማለትም ቀጭን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር፣ ካለው የእሱን ድምፅ ዝቅ አድርጉት፤ መጠነኛ ሽሽታ ብልሽት አይደለም።

«ከሶኬት ከተነቀለ መክፈት ይቻላል»

በቫኪዩም ቱቦ የሚሠራ አምፕ ካፓሲተሮች ከተነቀሉ በኋላም ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ቀላል የሚመስሉት አዳዲሶቹ ክላስ ዲ አምፖችም ከ300 ቮልት በላይ ሊይዙ ይችላሉ። በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለክቶ የቀረውን ኃይል ማራገፍ የማይችል ሰው ክዳኑን አይክፈት። የተቃጠለ ፊውዝም ከፍ ባለ አምፒር አይተካም፤ ፊውዙ የተቃጠለበት ምክንያት ይፈለጋል።

ለባለሙያ ስትሰጡት ደግሞ «ይጮኻል» ብላችሁ ብቻ አትስጡ። ኬብሉ ሲነቀል ምን እንደሆነ፣ ማስተሩ ሲዘጋ ምን እንደተሰማ፣ ጩኸቱ ከየትኛው ክር ጋር እንደገጠመ ጽፋችሁ አምፑ ላይ ለጥፉለት።