ሞርሞኖች በተባረሩበት መንገድ፦ ከኒው ዮርክ እስከ ሶልት ሌክ በቤተሰብ መኪና

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የዩታ ታርጋ የለጠፉ ሚኒቫኖች ወደ ምሥራቅ አሜሪካ መንጎድ ይጀምራሉ። ከኋላ አራት አምስት ልጅ፣ መሐል ላይ በረዶ የተሞላ የመጠጥ ሳጥን፣ ጣሪያው ላይ የታሰረ ሻንጣ። ከእነዚህ ቤተሰቦች አንዳንዶቹ ባሕር ዳርቻ አይሄዱም። የሚሄዱት አንድ ጫካ፣ ሁለት እስር ቤትና ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ አንድ ቤተ መቅደስ ለማየት ነው።

ይህ የሞርሞኖች የታሪክ ጉዞ ነው። ሃይማኖታዊ ግዴታ አይደለም። ስለት የለበትም፣ ጠበል የለውም፣ የሚሳም ንዋየ ቅድሳትም የለም። ያልሄደ ሰው ምንም አይጎድልበትም። ቢሆንም አያት ለልጅ ልጁ የሚመኘው፣ ወላጅም ገንዘብ የሚያጠራቅምለት ጉዞ ሆኗል።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። «ሞርሞን» መጀመሪያ ሌሎች ያወጡላቸው ስም ነው። የመጣው መጽሐፈ ሞርሞን ከሚሉት ቅዱስ መጽሐፋቸው ሲሆን መጽሐፉ በአማርኛም ታትሟል። ትክክለኛው ስም «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን» ነው። በ2018 የወቅቱ ፕሬዚዳንቷ ራስል ኔልሰን ቅጽል ስሙ እንዲቀር አጥብቀው ጠይቀው ነበር። ሰዉ ግን አልተወውም። እኔም ስሙ ስለረዘመብኝ በአጭሩ እጠቀማለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሁሌም ወደ ምዕራብ

ካርታ ዘርግቶ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ቤተ ክርስቲያኗ በ1830 በኒው ዮርክ ግዛት ተመሠረተች። በዓመቱ ወደ ኦሃዮ ሄደች። ከዚያ ሚዙሪ፣ ከዚያ ኢሊኖይ፣ በመጨረሻም በ1847 የዛሬዋ ዩታ ዋና ከተማ ሶልት ሌክ። ከየቦታው የወጡት ደግሞ በወደዱት ሰዓት አይደለም። አንዴ በዕዳ፣ አንዴ በጎረቤት ጠመንጃ፣ አንዴ በአገረ ገዥ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ ሳይቆሙ ነድቶ፣ ወይም በርሮ፣ ጉብኝቱን ከዚያ ወደ ምዕራብ እየተመለሱ ማድረግ ይሻላል። ከዩታ ተነስተው በየመንገዱ እየቆሙ የሚሄዱ ልጆች ታሪኩን ከጅራቱ ይይዙትና ግራ ይጋባሉ።

ጊዜ የተረፈው ከቨርሞንት ይጀምራል። መሥራቹ ጆሴፍ ስሚዝ በዲሴምበር 23 ቀን 1805 የተወለደው እዚያ ሻሮን ውስጥ ነው። ቦታው ላይ ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ ሐውልት ቆሟል። ቁመቱ 38 ጫማ ተኩል ነው፤ ሰውየው ለኖረበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ጫማ።

አብዛኛው ሰው ግን የሚጀምረው ከፓልማይራ፣ ኒው ዮርክ ነው። የስሚዝ ቤተሰብ እርሻና እንደገና የተሠራው የግንድ ቤት አለ። ከጀርባው ጫካ ነው። እንደ እምነታቸው፣ በ1820 ጸደይ የ14 ዓመቱ ጆሴፍ «ከአብያተ ክርስቲያናቱ ሁሉ የትኛው ነው ትክክል?» ብሎ ሊጸልይ ወደዚህ ገባ፤ እግዚአብሔር አብና ኢየሱስም ተገለጡለት። እዚህ ግን ሐውልት የለም፣ መቅደስም የለም። ዛፍ፣ የእግር መንገድና ጥቂት አግዳሚ ወንበር ብቻ። ልጆቹ «ይኸው ነው?» ይላሉ። አዋቂዎቹ ቁጭ ብለው ዝም ይላሉ።

ለልጅ የሚሻለው መሐል ከተማ ያለው ማተሚያ ቤት ነው። የመጀመሪያው መጽሐፈ ሞርሞን እዚህ 5,000 ቅጂ ታተመ፤ ዋጋው 3,000 ዶላር። ገንዘቡን ለመሸፈን ማርቲን ሃሪስ የሚባል ገበሬ እርሻውን አስያዘ፣ በኋላም ሸጠው። አስጎብኚዋ በሁለት ፊት 16 ገጽ የታተመበትን ትልቅ ወረቀት አንስታ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ታጥፈዋለች። ገጾቹ በተራቸው ቁጭ ይላሉ። እንዲህ ያለ 37 እጥፍ ሲሰፋ መጽሐፉ ይሆናል። ከዚያ ፌየት የምትባል ቦታ አለች። ቤተ ክርስቲያኗ በኤፕሪል 6 ቀን 1830 በይፋ የተመሠረተችው እዚያ በአንድ ገበሬ ቤት ውስጥ ነው። ለመድረስ ሰዓት አይፈጅም፣ ለማየትም እንዲሁ።

ቡና የተከለከለባት ክፍል

ከፓልማይራ አራት ሰዓት ገደማ ሲነዳ ከርትላንድ፣ ኦሃዮ ይደረሳል። እዚህ የኒውል ዊትኒ ሱቅ አለ። ባንኮኒው፣ መደርደሪያው፣ በርሜሉ ሁሉ እንደ ጥንቱ ተደርድሯል። ደረጃውን ወጥተው ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ያገኛሉ። ጆሴፍ ስሚዝ ወንዶቹን ሰብስቦ የሚያስተምረው እዚህ ነበር። እነሱ ደግሞ ፒፓ ያጨሳሉ፣ ትንባሆ ያኝካሉ፣ ወለሉ ላይ ይተፋሉ። ወለሉን የምታጸዳው ሚስቱ ኤማ ነበረች፤ ነገሩ አንገፈገፋት። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1833 ከእግዚአብሔር መጣ የተባለ ቃል ወጣ፦ ትንባሆ ይቅር፣ አልኮል ይቅር፣ «ትኩስ መጠጥ»ም ይቅር። ትኩስ መጠጥ ማለት ሻይና ቡና ነው ተብሎ ተተረጎመ፤ እስከ ዛሬም አይጠጡም። ከአቦል እስከ በረካ ለሚጠጣ ሰው ይቺ ክፍል የምታስተክዝ ናት።

የከርትላንድ ቤተ መቅደስ በ1836 ተመረቀ። ልስኑ ውስጥ የብርጭቆና የሰሃን ስብርባሪ አለ። አዳራሹ በሁለቱም ጫፍ መድረክ አለው፤ ወንበሮቹ እየተዛወሩ ሕዝቡ ወደፈለገው ጫፍ ይዞራል። ሕንፃው ለረጅም ዘመን የሶልት ሌክዋ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም። ከስሚዝ ሞት በኋላ ወደ ምዕራብ ያልሄዱት ወገኖች፣ ዛሬ ኮሚዩኒቲ ኦቭ ክራይስት የሚባሉት፣ ይዘውት ኖረዋል። በማርች 2024 ከሌሎች ቤቶችና የብራና ሰነዶች ጋር በ192.5 ሚሊዮን ዶላር ሸጡላቸው። ዛሬ የሚሠሩ የሞርሞን ቤተ መቅደሶች አባል ያልሆነ አያስገቡም፤ ይህ ግን ለጎብኚ ሁሉ ክፍት ነው።

ከከርትላንድ ያስወጣቸው ደግሞ ገንዘብ ነው። ያቋቋሙት ባንክ በ1837 ወደቀ። አባላቱ እርስ በርስ ተካሰሱ። ስሚዝ በጃንዋሪ 1838 በሌሊት ወጣ።

ሚዙሪ ውስጥ የሁለት ከተሞች ስም ይገርማል። አንዷ ኢንዲፔንደንስ፣ አንዷ ሊበርቲ። ሁለቱም ነፃነት ማለት ነው። ከአንዷ ተባረሩ፣ በሌላዋ ታሰሩ። ኢንዲፔንደንስ ጽዮን የምትሠራባት ቦታ ናት ብለው ያምኑ ነበር። ለመቅደስ የተመረጠችው አንድ ሄክታር ገደማ የሆነች መሬት ዛሬ በአንዲት ትንሽ ወገን እጅ ናት። ከአንድ ሥር የወጡ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት መንገድ ለመንገድ ይተያያሉ።

ኦክቶበር 27 ቀን 1838 አገረ ገዥው ሊልበርን ቦግስ ሞርሞኖች እንዲጠፉ ወይም ከግዛቱ እንዲባረሩ አዘዘ። በሦስተኛው ቀን ሆንስ ሚል በሚባል መንደር 17 ሰው ተገደለ። ትእዛዙ በይፋ የተሻረው በ1976 ነው። አስጎብኚዎቹ ቶሎ የሚያልፉት ነገርም አለ፤ በዚያው ኦክቶበር ሞርሞኖቹም ጋላቲን ከተማ ገብተው ዘርፈዋል፣ ሱቅ አቃጥለዋል። ሊበርቲ ውስጥ ስሚዝ ለአራት ወር ገደማ የታሰረበት ወህኒ በአዳራሽ ውስጥ እንደገና ተሠርቷል። አንዱ ጎኑ ተከፍቶ ስለተተወ የታችኛው ጉድጓድ ይታያል። ግድግዳው ከአንድ ሜትር በላይ ይወፍራል። ወለሉ ላይ ገለባ። ረጅም ሰው አንገቱን ደፍቶ ካልሆነ የሚቆምበት አይመስልም።

ናቩ

ከመንገዱ ሁሉ ልጆች የሚወዱት ናቩን ነው። ሚሲሲፒ ወንዝ በሚታጠፍበት በኢሊኖይ በኩል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ1839 ረግረግ መሬት ነበረች። በጥቂት ዓመት ውስጥ 12,000 ያህል ሰው ኖረባት።

የጡብ ቤቶቹ ታድሰው ሱቅ፣ ዳቦ ቤት፣ ማተሚያ ቤት ሆነዋል። ብዙዎቹ አስጎብኚዎች ደመወዝ የሌላቸው ሚሲዮናውያን ናቸው፤ በጡረታ የወጡ ባልና ሚስት፣ ወይም ገና ሃያ ዓመት የሞላቸው ወጣቶች። መግቢያ ነፃ ነው። አንጥረኛው ወናፉን እየነፋ ብረት ያግላል፤ ከፈረስ ጫማ ምስማር የታጠፈ ቀለበትም ይሰጣል። ቀለበቱን «የሜዳ አልማዝ» ይሉታል። ጡብ ማምረቻው ደግሞ ለማስታወሻ የምትሆን ትንሽ ጡብ ያድላል። ገመድ መግመድ አለ፣ የዝንጅብል ብስኩት አለ፣ በሬ የሚስበው ሠረገላ አለ። እነዚህን ሰዎች አንድ ነገር አደንቅላቸዋለሁ። ለልጅ ታሪክ በወሬ እንደማይገባ፣ በእጅ በሚያዝ ነገር እንደሚገባ ቀድመው ያወቁ ናቸው። ስለ እምነታቸው የበለጠ መስማት ይፈልጉ እንደሆነ መጠየቃቸው አይቀርም፤ አይ ካሏቸው ፈገግ ብለው ይሸኛሉ።

ናቩ ሌላም ታሪክ አላት። በ1843 ጄን ማኒንግ የምትባል ጥቁር ወጣት ሴት ከነቤተሰቧ ከኮነቲከት ተነሳች። ቡፋሎ ላይ ጀልባው አላሳፍርም አላቸው። ቀሪውን 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር መጡ። ጫማቸው አልቆ እግራቸው እየደማ፣ የደማ ዱካቸው መሬቱ ላይ ይታይ እንደነበር በኋላ ተናግራለች። ጆሴፍና ኤማ ቤታቸው ተቀበሏት።

ከናቩ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲነዳ ካርቴጅ ናት። እዚህ የልጆቹ ጫጫታ ይቆማል። በ1844 የስሚዝን ከአንድ በላይ ማግባት ያጋለጠ ጋዜጣ ናቩ ውስጥ ወጣ። የከተማው ምክር ቤት፣ ስሚዝ ከንቲባ ሆኖ፣ ማተሚያው እንዲሰበር ወሰነ። ተከሰሰና ካርቴጅ ታሰረ። ጁን 27 ከሰዓት በኋላ ፊታቸውን ጥቁር የቀቡ ሰዎች ደረጃውን ወጡ። ወንድሙ ሃይረም በሩን ሲገፋ በሩን በስቶ የገባ ጥይት ገደለው። ጆሴፍ ጓደኛ ባስገባለት ሽጉጥ ተኮሰ፤ ከዚያ በመስኮቱ ሲወጣ ተመትቶ ወደቀ። በሩ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ቀዳዳው ጣት ያስገባል። ብዙ ቤተሰብ ከዚህ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላል።

በፌብሩዋሪ 1846 የመጀመሪያዎቹ ሠረገላዎች ሚሲሲፒን ተሻገሩ። ቤተ መቅደሱ በ1848 ሆን ተብሎ ተቃጠለ፤ የቀረውን ከሁለት ዓመት በኋላ አውሎ ነፋስ ጣለው። በጥንቱ መልኩ ተሠርቶ የተመረቀው ጁን 27 ቀን 2002 ነው። ቀኑ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው።

የእጅ ጋሪው

ከዚያ ረጅሙ መንገድ ይመጣል። ከናቩ እስከ ሶልት ሌክ 2,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኦማሃ አጠገብ የ1846 ክረምት ያለፈበት የዊንተር ኳርተርስ መቃብር አለ። ልጃቸውን የሚቀብሩ ባልና ሚስት ሐውልት ቆሞበታል። ከዚያ ነብራስካ፤ ሜዳ ብቻ። ታብሌት የሚወጣው እዚህ ነው፣ ይውጣም።

ዋዮሚንግ ውስጥ ግን ማርቲንስ ኮቭ መዝለል አይገባም። በ1856 ሠረገላ መግዛት ያልቻሉ፣ በብዛት ከእንግሊዝና ከስካንዲኔቪያ የመጡ ድሆች፣ ዕቃቸውን ባለ ሁለት እግር የእጅ ጋሪ ላይ ጭነው በእግር ተነሱ። ለአንድ አዋቂ የተፈቀደው ጓዝ 17 ፓውንድ፣ ማለትም ስምንት ኪሎ የማይሞላ፣ ከነመኝታው። ሁለት ቡድኖች ዘግይተው ወጡ። ኦክቶበር ላይ በረዶ ያዛቸው፣ ዱቄቱም አለቀ። ከሶልት ሌክ የተላከ እርዳታ ደርሶ ብዙዎቹን አተረፈ። ቢሆንም ከ200 በላይ ሰው ሞተ።

ዛሬ እዚያ ጎብኚ የሚስበው ጋሪ አለ። አባት ከፊት ይይዛል፣ ልጆቹ ከኋላ ይገፋሉ፣ ትንሿ ላዩ ላይ ትቀመጣለች። አሸዋው ላይ ጎማው ሲሰምጥ ሳቁ ይቀንሳል። በየአገሩ ያሉ የሞርሞን ወጣቶችም ረጅም ቀሚስና ባርኔጣ አድርገው በየአካባቢያቸው እንዲህ ያለ ጋሪ ይስባሉ። በ1856 ማን እንዲያ ዘግይተው እንዲወጡ ፈቀደ የሚለው ጥያቄ ግን ለጀግንነቱ የተሰጠውን ያህል ቦታ አላገኘም።

ሶልት ሌክ

ጁላይ 24 ቀን 1847 ከስሚዝ ሞት በኋላ መሪ የሆነው ብሪገም ያንግ ሸለቆው ገባ። ቀኑ በዩታ የሕዝብ በዓል ነው። የገቡበት ሸለቆ አፍ ላይ በ2022 አዲስ ሐውልት ተመረቀ። ከመጀመሪያዎቹ መንገደኞች ጋር ባሪያ ሆነው የመጡት ግሪን ፍሌክና ሁለት ጓደኞቹ፣ አጠገባቸውም ጄን ማኒንግ ጄምስ። ጄን ዩታ ውስጥ በ1908 እስክትሞት አባል ነበረች። የቤተ መቅደሱን ከፍተኛ ሥርዓቶች እንድትፈጽም ደጋግማ ጠይቃለች፤ ጥቁር በመሆኗ ተከልክላለች። ክልከላው የቀረው በ1978 ነው።

እኛን የሚነካ ነገርም ከዚህ ከተማ ወጥቷል። ሞርሞኖች በወር አንድ እሁድ ሁለት ማዕድ ይጾማሉ፤ የምግቡን ዋጋ ለድሀ ይሰጣሉ። ጃንዋሪ 27 ቀን 1985፣ በእኛ ጥር 1977፣ ለኢትዮጵያ ረሃብ ልዩ ጾም ታወጀ። ከስድስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራው የእርዳታ ክንፋቸው መነሻ ያ ጾም እንደሆነ ራሳቸው ያነሳሉ።

መሐል ከተማ ያለው የቤተሰብ ታሪክ ቤተ መጻሕፍት ለማንም ነፃ ነው፤ የዘር ሐረግ ለመፈለግ አባል መሆን አያስፈልግም። ከፊቱ ያለው ቤተ መቅደስ ለመሠራት 40 ዓመት ፈጅቶ በ1893 ተመረቀ። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ግን የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲቋቋም እየታደሰ ዝግ ነው። በተያዘው ዕቅድ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር 2027 ለሕዝብ ክፍት ይሆናል፤ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ በኋላ በሩ ለአባላት ብቻ ይሆናል።