የጆን ሺዋክ የጦር ሜዳ ደብዳቤዎች

ጆን ሺዋክ (1889–1917 እ.ኤ.አ.) ዛሬ የካናዳ ክፍል በሆነችው በላብራዶር፣ በሪጎሌት አቅራቢያ የተወለደ፣ ከሰሜኑ በረዷማ ምድር ተወላጆች ከኢኑዊት ወገን የሆነ አዳኝ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በኒውፋውንድላንድ ሬጅመንት አነጣጥሮ ተኳሽ ሆኖ ተዋግቷል። ታሪኩ የተረፈው በአብዛኛው ከምዕራብ ግንባር ለካናዳዊው ጋዜጠኛ ለዊሊያም ሌሲ ኤሚ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ነው። ሁለቱ የተዋወቁት ከጦርነቱ በፊት ኤሚ ላብራዶርን ሲጎበኝ ነው፤ ኤሚም በ1918 ስለ ወዳጁ ጽሑፍ አሳተመ።

ሺዋክ በበረዶው ወራት ለጠጉራም ቁርበት ወጥመድ ያጠምድ፣ አቆስጣ የተባለውን የባሕር እንስሳም ያድን ነበር። አቆስጣ ከውኃው ብቅ የሚያደርገው ራሱን ብቻ፣ ያውም ለአፍታ ነው። አዳኙ ሳይንቀሳቀስ ጠብቆ በዚያች ቅጽበት ካልተኮሰ ያመልጠዋል። በምሽግም የጠቀመው ይኸው ትዕግሥት ነው። በሐምሌ 1915 የተመለመለው ይህ ብርቱ ወታደር በ1917 ላንስ ኮርፖራል የተባለውን ዝቅተኛ የበታች ሹም ማዕረግ አገኘ።

ከምሽግ የሚወጣ ደብዳቤ ቴምብር አያስፈልገውም ነበር፤ ነገር ግን ሳይታሸግ ለሻምበሉ መኮንን ይሰጣል። የቦታ ስም፣ የጦር እንቅስቃሴ ወይም የሟች ብዛት ከተገኘበት መስመሩ ይሰረዛል። በ1915 የመጣው አረንጓዴ ፖስታ ግን በክፍሉ መኮንን አይነበብም፤ ከኋላ ባለው የጦር ሰፈር ሊከፈት ይችላል። ላኪው የቤተሰብና የግል ጉዳይ ብቻ መጻፉን በክብሩ አረጋግጦ ይፈርምበታል፤ የሚታደለውም በቁጥር ነው። ጊዜ ያጣ ወታደር ዝግጁ ዐረፍተ ነገሮች የታተሙበትን የመስክ ካርድ ወስዶ የማይመለከተውን ዐረፍተ ነገር ይሰርዛል። ከቀንና ከፊርማ ሌላ አንድ ቃል ቢጨምር ካርዱ እንዲጠፋ ይደረጋል።

ለንደን ለነበረው ለኤሚ ደብዳቤ በጥቂት ቀናት ይደርስ ነበር። ከላብራዶር ጋር መጻጻፍ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ባሕሩ ከመጸው መጨረሻ እስከ ሰኔ ገደማ ስለሚዘጋ የመጨረሻው መርከብ ያመለጠው ደብዳቤ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ተንሸራታች ይጓዛል፤ አለዚያም በረዶው እስኪቀልጥ ይቀመጣል። ከቤት ዜና ማጣቱና የአገር ናፍቆቱ በሺዋክ ደብዳቤዎች ውስጥ ጎልቶ የሚታየውም ለዚህ ነው።

አንድ የሬጅመንቱ መኮንን በብሪታንያ ጦር ውስጥ ከሁሉ የላቀ አነጣጥሮ ተኳሽ ብሎታል፤ ምስክርነቱን ያደረሰልን ኤሚ ነው። በካምብሬ ውጊያ፣ ማስኒዬር ላይ የመድፍ ጥይት ከጓዶቹ ጋር ገደለው። ቀኑን አንዳንዶች ኖቬምበር 20፣ ሌሎች 21 ቀን 1917 ይላሉ። የታወቀ መቃብር የለውም፤ ስሙ ፈረንሳይ ውስጥ በቦሞን አሜል በሚገኘው የኒውፋውንድላንድ መታሰቢያ ላይ ተቀርጿል።