ከነርሲንግ ትምህርት ወደ መጀመሪያው ሥራ

የነርሲንግ ተማሪ በሆስፒታል ልምምድ ላይ እያለች ብዙውን ጊዜ የምትይዘው አንድ ወይም ሁለት ታካሚ ነው። የሕመሙን ታሪክ አንብባ፣ የመድኃኒቶቹን የጎንዮሽ ጉዳት ሸምድዳ፣ የእንክብካቤ ዕቅድ ጽፋ ትመጣለች። አንድ መርፌ ለመስጠት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅባት የሚቆጣት የለም። ተቀጥራ ጥቂት ወራት ሲያልፉ ግን አምስት፣ ስድስት፣ ስምንት ታካሚ ባንዴ እጇ ላይ ይወድቃል። መድኃኒታቸው የሚደርሰው በተመሳሳይ ሰዓት ነው። አንዱ ይጠራታል፣ ሌላው ሽንት ቤት የሚያደርሰው ይፈልጋል፣ የሦስተኛው ልጅ ኮሪደር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ሽግግሩ የሚከብደው በዋናነት እዚህ ላይ ነው። አዲሷ ነርስ የማታውቀው ነገር ሞልቷል፤ የባሰው ችግር ግን የምታውቀውን ለስንት ሰው እንዴት እንደምታዳርሰው አለመልመዷ ነው። (አዲሷ እያልኩ የምጽፈው ለአጻጻፍ እንዲመቸኝ ነው። ወንዱም ከዚሁ አያመልጥም።)

ልምምድ አንሷት ነው እንዳይባል ብዙ ሰዓት ሠርታለች። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አጠቃላይ ነርስ ለመሆን ቢያንስ 3 ዓመትና 4,600 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል። ከሰዓቱ ቢያንስ ግማሹ የተግባር ትምህርት መሆን አለበት። ከዚያ የሙያ ፈቃድ ይመጣል፤ አሰጣጡ እንደየአገሩ ነው። በአሜሪካ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ፈተናው እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በኮምፒውተር ይሰጣል፤ ተፈታኟ በትክክል ስትመልስ ቀጣዩ ጥያቄ ይከብዳል፣ ስትስት ይቀልላል። ስለዚህ «ሁሉም ከበደኝ» ብላ እያለቀሰች የወጣች ሁሉ ወድቃለች ማለት አይደለም። በብሪታኒያ ግን እዚያው የተማረ ነርስ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ፈተና አይጠብቀውም። ዩኒቨርሲቲው ብቃቱንና ጠባዩን ይመሰክርለትና በሙያው ምክር ቤት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ያም ሆነ ይህ ፈቃድ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህች ሰው ታካሚ ሳትጎዳ ሥራ መጀመር ትችላለች። ከዚያ ያለፈውን ሥራው ያስተምራታል።

ይህን ክፍተት በደንብ ስም ያወጡለት ማርሊን ክሬመር የተባሉ አሜሪካዊት የነርሲንግ ምሁር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት መጽሐፍ «የእውነታ ድንጋጤ» አሉት። መጀመሪያ የጫጉላ ጊዜ አለ፦ ደመወዝ፣ አዲስ ዩኒፎርም፣ የራስ ስም ያለበት ባጅ። ቀጥሎ ድንጋጤው ይመጣል። ትምህርት ቤት «ታካሚውን እንደ ሙሉ ሰው እዪው» ሲላት ነበር፤ ዋርዱ፣ ማለትም ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል፣ ደግሞ «የስምንት ሰዓቱን መድኃኒት ጨረስሽ ወይ?» ይላታል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያጣላቸው ጊዜው ነው። ሦስተኛው ማገገም ነው፤ ነገሩ ያስቃት ይጀምራል። በመጨረሻ ከሁለቱ ዓለም የሚሆናትን ይዛ ትረጋጋለች፣ ካልሆነም ሙያውን ትታ ትሄዳለች። በኋላ በካናዳ የተሠሩ ጥናቶች የመጀመሪያዎቹን 12 ወራት ተከታትለው፣ ከሁሉም የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ወራት መሆናቸውን አሳይተዋል። በእነዚያ ወራት አዲሷ ነርስ ሙሉ ሐሳቧ ሥራውን በሰዓቱ መጨረስ ላይ ነው። ቤት ገብታም ዋርዱ ከጭንቅላቷ አይወጣም። «ያንን ፈሳሽ ዘግቼዋለሁ?» ብላ ከእንቅልፏ ትባንናለች።

ሌላዋ መነሳት ያለባቸው ምሁር ፓትሪሺያ ቤነር ናቸው። እሳቸው ሐሳቡን የተዋሱት ከድሬፈስ ወንድማማቾች ነው። ወንድማማቾቹ የአውሮፕላን አብራሪዎችና የቼዝ ተጫዋቾች ክህሎት እንዴት እንደሚያድግ ያጠኑ ነበር። ቤነር እ.ኤ.አ. በ1984 ይህን ወደ ነርሲንግ አምጥተው ከጀማሪ እስከ ሊቅ አምስት ደረጃ አስቀመጡ። አዲስ ተመራቂ የምትገባው በሁለተኛው ላይ ነው። ሦስተኛው፣ ማለትም «ብቁ» የሚባለው፣ የሚደረሰው በተመሳሳይ ሥራ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ከተቆየ በኋላ ነው። ይህን ቁጥር ለእያንዳንዷ ተመራቂ ባጇ ጀርባ ላይ ቢጽፉላት ደስ ይለኛል። በስድስተኛው ወር «እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም» የምትል ነርስ ብዙ ጊዜ ራሷን የምታወዳድረው አጠገቧ ካለችው የአሥራ አምስት ዓመት ልምድ ያላት ነርስ ጋር ነው።

አሁን ወደ ዋርዱ እንግባ። ቀኑ የሚጀምረው በርክክብ ነው። ወጪዋ ተረኛ ታወራለች፣ ገቢዋ ትጽፋለች። አብዛኞቹ ነርሶች ኪሳቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አላቸው። የአልጋ ቁጥር፣ የበሽታ ስም፣ የመድኃኒት ሰዓት፣ ያልመጣ የላብራቶሪ ውጤት፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው። ተማሪ ሳለች ይህን ወረቀት ማንም አላሳያትም ይሆናል፤ ያለሱ ግን ቀኑ አይገፋም። ቀጥሎ ማን ይቅደም የሚለው ይመጣል። ጀማሪዋ ብዙ ጊዜ በአልጋ ቁጥር ተራ ትሄዳለች፣ አለዚያም በኃይል ወደሚጠራት ትሮጣለች። ልምድ ያላት መጀመሪያ ሁሉንም በር ከፍታ ታያለች። ዝም ያለው ታካሚ ከሚጮኸው የባሰ ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች።

ለዚህ የተሠራ መሣሪያም አለ። በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውና በ2017 የተሻሻለው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ነጥብ ስድስት ነገሮችን ያያል፦ የአተነፋፈስ ፍጥነት፣ የደም ኦክስጅን፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ የንቃት ሁኔታና ሙቀት። ታካሚው ተጨማሪ ኦክስጅን ላይ ካለ ነጥብ ይጨመርበታል። ድምሩ 5 ሲደርስ አስቸኳይ ምልከታ ያስፈልጋል፤ 7 ከሆነ ድንገተኛ ነው። ከስድስቱ በግምት የሚሞላው ብዙውን ጊዜ አተነፋፈስ ነው፤ ሌላውን ማሽን ያነበዋል፣ እሱን ግን ቆሞ መቁጠር ይጠይቃል። ታካሚ ሊደክም ሲል ቀድሞ ከሚለወጡት አንዱ ደግሞ እሱ ነው። አዲሷ ነርስ አንድ ደቂቃ ቆማ ብትቆጥር ከልምድ ማነሷን በከፊል ታካክሳለች።

ለውጡን አየች እንበል። አሁን ሐኪም መጥራት አለባት። ብዙ አዳዲስ ነርሶችን የሚያንቀጠቅጣቸው መርፌ ወይም ደም አይደለም፤ በሌሊት ለሐኪም ስልክ መደወል ነው። «ይቅርታ ዶክተር፣ ስለረበሽኩዎት... 12 ቁጥር ላይ ያሉት ሰውዬ ትንሽ ደህና አይመስሉኝም» ትላለች። ከወዲያ በኩል «ምን ማለት ነው?» ይመጣል፣ እሷም ትደነባበራለች። ኤስባር የሚባለው የንግግር ቅደም ተከተል ለዚህ ይጠቅማል። መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው፤ ወደ ሕክምናው ያመጣው ካይዘር ፐርማነንቴ የተባለው የጤና ድርጅት ነው። ቅደም ተከተሉ፦ አሁን ምን ሆነ፣ ከጀርባው ምን አለ፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ምን እፈልጋለሁ። ያው ስልክ እንዲህ ይሆናል፦ «ዶክተር፣ የ12 ቁጥር ነርስ ነኝ። የታካሚው የላይኛው ግፊት ከ130 ወደ 88 ወርዷል፣ ልባቸው በደቂቃ 124 ይመታል። የ64 ዓመት ሰው ናቸው፤ ትናንት የአንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ውስጥ ለውስጥ እየደሙ እንዳይሆን ሰግቻለሁ። አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት የምትከብደው። ተማሪ «ይመስለኛል» ማለትን እንጂ «እፈልጋለሁ» ማለትን አልለመደችም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ብቻዋን እንዳትማረው ነው ፕሪሴፕተር፣ ማለትም አስለማማጅ ነርስ፣ የሚመደብላት። በአንዳንድ አገር ይህ የጥቂት ሳምንታት ነገር ነው። በአሜሪካ ብዙ ሆስፒታሎች አንድ ዓመት የሚዘልቅ ሬዚደንሲ የሚባል የማለማመጃ ፕሮግራም ያዘጋጃሉ፤ አዲሶቹ በየወሩ አንድ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ፣ የገጠማቸውንም ይነጋገራሉ። በእኔ እምነት ከትምህርቱ ይልቅ መነጋገሩ ይበልጣል፤ ሌላዋም እንደ እሷ ሽንት ቤት ገብታ እንዳለቀሰች የምትሰማው እዚያ ነው። ሁሉም ቤት እንዲህ አይቀበልም። በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም «ነርሶች ልጆቻቸውን ይበላሉ» የሚባል የቆየ አባባል አለ። አዲስ መጪን ማሸማቀቅ፣ ስትጠይቅ ዓይን ማጉረጥረጥ፣ ከባዱን ታካሚ ለእሷ መግፋት ማለት ነው። ጉዳቱ ከስሜት ያልፋል። ባለፈው ስትጠይቅ የተሳቀባት ነርስ የኢንሱሊን መጠን ሲያጠራጥራት ዝም ብላ ትሰጣለች።

ስለዚህ ሥራ ስትፈልግ የሚጠየቀው ደመወዝ ብቻ አይደለም። አስለማማጅ ስንት ሳምንት አለኝ? ያው አንድ ሰው ነው ወይስ በየቀኑ ይቀያየራል? በአዳር ተራ አንድ ነርስ ስንት ታካሚ ትይዛለች? የመጨረሻው ጥያቄ የምቾት ጉዳይ እንዳይመስል። በ9 የአውሮፓ አገሮች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ በነርሷ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል። መጀመሪያ አጠቃላይ ዋርድ ይሻላል ወይስ ጽኑ ሕሙማን የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። እኔ ጥሩ አስለማማጅ ያለበት ይሻላል እላለሁ።

ነርስ በሚያንስበት ዋርድ ደግሞ ገና ዓመት ያልሞላት ነርስ ለሌላ አዲስ ገቢ አስለማማጅ ተደርጋ ትመደባለች። እንደ ቤነር ደረጃ ከሆነ ገና ናት። ግን አንድ ነገር አላት። ሊቋ ነርስ በሩ ላይ ቆማ «ይሄ ሰውዬ ደህና አይደለም» ትላለች፤ እንዴት አወቅሽ ስትባል መልሱ ይጠፋባታል። የስምንት ወሯ ነርስ ግን እንዴት እንዳወቀች ገና አልረሳችም። ኪሷ ውስጥ ያለውን የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ለአዲሷ ትዘረጋላታለች፦ «እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው፤ አንቺ እንደሚመችሽ አድርጊው።»