የጎልፍ ጋሪን ቮልት ማሳደግ፦ ከ36 ወደ 48፣ ከዚያም በላይ

አዳማ ላይ «ጋሪ» ሲባል መጀመሪያ ጆሮ ላይ የሚመጣው የፈረስ ኮቴ ነው። እዚህ የምናወራው ግን ስለ ሌላኛው ጋሪ ነው። ፈረስ የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ በትልልቅ ግቢ ውስጥ እንግዳና ሻንጣ ያመላልሳል። የጎልፍ ጋሪ ይባላል እንጂ የጎልፍ ሜዳ ሳያይ የሚያረጅም ሞልቷል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ስለ ባትሪና ስለ ሞተር የሚያወራው ሰው በዝቷል። ስለ ጋሪ የሚነሳውም ጥያቄ ያው ነው፦ «36 ቮልት ነው፣ ወደ 48 ባሳድገው ይፈጥናል?» መልሱ ይፈጥናል ነው። ግን ጣጣ አለው።

የኤሌክትሪክ ጎልፍ ጋሪ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። ለረጅም ጊዜ የተለመደው አሠራር ባለ 6 ቮልት ስድስት ባትሪዎች ተከታትለው ታስረው 36 ቮልት የሚሰጡበት ነው። በኋላ 48 ቮልት ተለመደ፤ ስምንት ባለ 6፣ ስድስት ባለ 8 ወይም አራት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ማለት ነው። የአሲድ ባትሪ አንዱ ክፍል 2 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ጋሪው ስንት ቮልት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ወንበሩን ያንሳና የውሃ መጨመሪያ ቀዳዳዎቹን ቆጥሮ በ2 ያባዛ። 18 ከሆኑ 36 ቮልት ነው፣ 24 ከሆኑ 48።

ቮልት መጨመር ለምን ይጠቅማል? ኃይል ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፔር ነው። 3,000 ዋት የሚፈልግ ሞተር በ36 ቮልት 83 አምፔር ገደማ ይስባል። በ48 ቮልት ግን 62.5 ይበቃዋል። ሽቦ ላይ የሚባክነው ሙቀት ደግሞ ከአምፔሩ ጋር እኩል አይሄድም፣ በስኩዌሩ ነው የሚያድገው። ስለዚህ በዚያው ሽቦ ላይ ብክነቱ 44 በመቶ ይቀንሳል። ይህን ነገር አዳማ በትልቁ ታየዋለች። ከተማዋን አቋርጦ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር የሚሠራው በ25,000 ቮልት ነው። ከከተማው ጥግ ያሉት 136 የነፋስ ተርባይኖች በሁለቱ ጣቢያዎች ተደምረው እስከ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ያ ኃይል ወደ ሩቅ የሚላከው ቮልቴጁ ከፍ ከተደረገ በኋላ ነው። ምክንያቱ ከጋሪው ምክንያት አይለይም።

ሁለት ነገር ግን አይምታታ። በተለመደው የዲሲ ሞተር ላይ ፍጥነት በዋናነት የሚመጣው ከቮልት ነው፣ ጉልበት ደግሞ ከአምፔር። 36 የነበረው 48 ሲሆን ከፍተኛው ፍጥነት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያድጋል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ ወደ 26 ወይም 27 ይደርሳል። ችግሩ ፍጥነት ሳይሆን ዳገት ላይ ስድስት ሰው ጭኖ መንፈራገጥ ከሆነ ግን መፍትሔው ብዙ አምፔር የሚችል ኮንትሮለር (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ዕቃ) እና ወፍራም ኬብል ነው። የአዳማ መሃል ከተማ ሜዳ ነው። ወደ ዙሪያው ኮረብታ ለሚወጣ ግን ልዩነቱ በደንብ ይታወቃል።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። «ጋሪዬ ደከመ፣ ቮልት ልጨምር» ከሚሉት ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው ቮልት አይደለም። ባትሪያቸው አልቋል፣ ወይም የኬብሉ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። ሙሉ ቻርጅ የተደረገና ያረፈ ባለ 36 የአሲድ ባትሪ በቴስተር ሲለካ 38.2 ቮልት ገደማ ያሳያል። ከዚያ ሰው አስቀምጦ እየነዱ መለካት ነው። አንዱ ባትሪ ከጓደኞቹ ተለይቶ ዝቅ ካለ ሕመሙ እዚያ ነው። ያንን ትቶ ቮልት መጨመር ፈረሱ ደክሞ ሳለ ጅራፍ እንደማብዛት ነው።

ማሳደጉ ግድ ከሆነ ዋናው ሥራ ባትሪው ዙሪያ ያለው ዕቃ ነው። ኮንትሮለሩ ለ36 ብቻ የተሠራ ከሆነ 48 ሲገባበት ውስጡ ይቃጠላል፤ አንዳንዱ ግን ከ36 እስከ 48 ይችላል፣ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ፔዳሉ ሲረገጥ «ቀጭ» ብላ የባትሪውን መስመር የምታገናኘው ማብሪያ፣ ሶሌኖይድም የራሷ ቮልት አላት። በትርፍ ቮልት ስትሠራ ቀስ እያለች ትግላለች፣ አንድ ቀን ተጣብቃ ትቀራለች። የተጣበቀ ሶሌኖይድ ደግሞ ኮንትሮለሩን ከባትሪው እንዳይለይ ያደርጋል። ሞተሩ ብዙ ጊዜ ይታገሣል። ባለ 36 ሆኖ 48 የሚችል ሞተር ብርቅ አይደለም፤ ካርቦኑ ቶሎ ማለቁንና ሙቀቱን ግን መከታተል ይገባል። ፊልዱን (ሞተሩ ውስጥ ማግኔት የሚፈጥረውን የሽቦ ጥቅል) ኮንትሮለሩ ለብቻው የሚቆጣጠርበት ዓይነት ሞተር ከሆነ ኮንትሮለሩና ሞተሩ የሚስማሙ መሆን አለባቸው። መብራትና ክላክስ የሚሠሩት በ12 ቮልት ስለሆነ ቮልት የሚቀንስ ኮንቨርተር ያስፈልጋል። ከሁለት ባለ 6 ባትሪ ላይ 12 ቮልት ቆንጥሮ መስጠት የተለመደ ማቋረጫ ነው፤ እነዚያ ሁለቱ ግን ከሌሎቹ ቀድመው ይሞታሉ።

ቻርጀር ላይ ቆም እንበል፣ ብር የሚቃጠለው እዚህ ነው። የ36 ቮልት ቻርጀር ሲበዛ 44 ቮልት አካባቢ ይደርሳል። ሙሉ የሆነ ባለ 48 ባትሪ ደግሞ አርፎ ተቀምጦ ብቻ 50.9 ገደማ ያሳያል። የድሮው ቻርጀር አዲሱን ባትሪ ሊሞላው አይችልም ማለት ነው። ሌላም አለ። ያገለገለ ጋሪ ከአሜሪካ ሲመጣ ቻርጀሩ በአብዛኛው ለ120 ቮልት መስመር የተሠራ ነው። የእኛ ሶኬት 220 ነው። ሳይታይ የተሰካ ቻርጀር ጭስ አውጥቶ ይሰናበታል።

ባትሪ ሲመረጥ አጭሩ መንገድ ፈታኝ ነው። ስድስቱ አሮጌ ባትሪ ላይ ሁለት አዲስ ጨምሮ 48 ማድረግ ይቻላል። ይሠራልም። ግን ሁሉም በአንድ መስመር ስለታሰሩ ደካሞቹ ቶሎ ይወርዳሉ፣ አዲሶቹም ከነሱ ጋር ቻርጅ እየተደረጉ ያለ ዕድሜያቸው ያረጃሉ። የአይሱዙ ባትሪ አምጥቶ መጨመር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ አምፔር እንዲሰጥ ነው። የጋሪ ባትሪ ግን ለሰዓታት ቀስ እያለ እንዲወርድ ወፍራም ሰሌዳ አለው።

አሁን ሰው የሚያማትረው ሊቲየም ላይ ነው። ለጋሪ የሚመረጠው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ነው። አንዱ ሴል 3.2 ቮልት ነው። 16ቱ ሲታሰሩ 51.2 ይሆናሉ፣ ሲሞሉ 58.4። ስድስት የአሲድ ባትሪ 170 ኪሎ ገደማ ሲመዝን ባለ 100 አምፔር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ ከ50 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ጋሪው ቮልት ሳይጨመርለት ራሱ ይቀለዋል። ዋጋው ግን ያስደነግጣል፤ የራሱ ቻርጀርና ሴሎቹን የሚጠብቅ ቢኤምኤስ የሚባል ሰርኪዩትም ይፈልጋል።

በአሲድ የሚቆይ ሰው የአዳማን ሙቀት ይቁጠር። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ8 ወይም 10 ዲግሪው የአሲድ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ያጥራል ይላሉ ባለሙያዎች። ከወንበር ሥር አየር መግቢያ መተው ያዋጣል። ውሃው ቶሎ ይተናል፣ የሚጨመረውም ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ነው። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ጥርስ እንደሚያበልዝ እዚህ ለማንም አይነገርም። ማዕድን የበዛበት ውሃ ባትሪንም ያበላሻል።

72 ቮልት የሚመኙም አሉ። እኔ ለግቢ ጋሪ አልመክርም። 24 ሴል ያለው ሊቲየም ሲሞላ 87.6 ቮልት ይደርሳል። በኤሌክትሪክ መኪና ደረጃዎች ደግሞ ከ60 ቮልት ዲሲ በላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ተብሎ ነው የሚታየው። በ36 ቮልትም ቢሆን ቀለበትና ሰዓት ሳያወልቁ ባትሪ መንካት ጅልነት ነው፤ ቁልፍ ከሁለቱ ጫፍ ላይ ቢወድቅ ይቀልጣል። ዋናው መስመር ላይ ፊውዝ ይኑር፣ ቻርጅ የሚደረግበትም ቦታ አየር ይግባው። የአሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ያወጣል፣ አንድ ክብሪት ይበቃዋል።

ፍሬኑን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የብዙ ጋሪዎች ፍሬን በገመድ የሚሳብና የኋላ ጎማ ላይ ብቻ ያለ ነው። የታሰበውም በሰዓት ከ24 ኪሎ ሜትር ለማይበልጥ ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ በአንድ ሦስተኛ ሲያድግ ፍሬኑ የሚያስቆመው ጉልበት በ1.78 ይባዛል። የፍሬን ሸራ ሳይቀየር ወደ አስፋልት ወጥቶ ከባጃጅ ጋር መጋፋት የማይታሰብ ነው።

ሁሉም አልቆ ጋሪው ሲነሳ ስድስቱ አሮጌ ባትሪዎች ግድግዳ ሥር ተደርድረው ይቀራሉ። ከመሃላቸው ደህና የሆነ ሁለቱ ተመርጦ መብራት ሲጠፋ አምፖል ያበራል። የቀረውን ቆራሌው ሽታውን አሽትቶ ይመጣል። ሲረከብ አሲዱን ቦዩ ላይ ሊደፋው ካሰበ ግን መከልከል ነው፤ እርሳሱ ተመልሶ ይቀልጣል፣ አሲዱ ግን አፈሩ ውስጥ ይገባል።