ከፍ የተደረገ መኪና ጎማ ለምን ይነካል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ የቶዮታ ሃይሉክስ ባለቤት 265/65 አር 17 (ወርዱ 265 ሚሊ ሜትር) የነበረውን ጎማ ተለቅ ባለው 285/70 አር 17 ቀይሮ፣ መኪናውን በ5 ሴንቲ ሜትር አስነስቶ ከጋራዥ ሲወጣ፣ ገና የመጀመሪያውን ጠባብ መታጠፊያ ሲይዝ ከፊት እግር በኩል የመፋተግ ድምፅ ይሰማል። ጎማው የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ እየነካ ነው። ለዚህ ችግር የሚሰጡ ምክሮች ብዙዎቹ ግማሽ እውነት ያላቸው በመሆናቸው፣ ባለቤቱን ለተጨማሪ ወጪ ይዳርጉታል።

«መኪናው ከፍ ካለ ጎማው አይነካም»

በስፋት የሚታመነው ይህ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማስነሳት የሚለውጠው መኪናው ቆሞ ሳለ ያለውን ከፍታ ነው። ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ እንቅስቃሴውን የሚገታው ላስቲክ ግን በቦታው ስላለ፣ የፊት እግሩ ትልቅ ጉድጓድ ሲመታ ጎማው የሚወጣው ከመነሳቱ በፊት ይወጣበት እስከነበረው ቦታ ድረስ ነው። ጠንካራ ሞላ ይህ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ብቻ እንዲሆን ያደርጋል እንጂ አያስቀረውም። በምሳሌያችን የጎማው ቁመት ከ776 ወደ 831 ሚሊ ሜትር ስላደገ፣ ከእግሩ መሃል እስከ ጎማው ጫፍ ያለው ርቀት በ27 ሚሊ ሜትር ገደማ ጨምሯል፤ ወርዱም በእያንዳንዱ ጎን 10 ሚሊ ሜትር ሰፍቷል። መፍትሔው መግቻውን ላስቲክ በረዘመ መተካት ነው፤ ይህ ግን የሞላውን እንቅስቃሴ ስለሚያሳጥር ጉዞው ትንሽ ይጎረብጣል። መሪ ሲዞር የሚመጣው ንክኪ ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንጂ ወደ ላይ ስላልሆነ፣ ከፍታው ብዙም አይረዳውም።

«ስፔሰር (ጎማውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ከቸርኬው ጀርባ የሚገባ ብረት) ከገባ ይስተካከላል»

መልሱ ጎማው በሚነካበት ቦታ ይወሰናል። ጎማው ከውስጥ በኩል እግሩን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘውን የላይኛውን ክንድ ወይም ሻሲውን የሚነካ ከሆነ፣ ስፔሰር ወይም ኦፍሴቱ (ከቸርኬው ወርድ መሃል እስከሚታሰርበት ገጽ ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር) ያነሰ ቸርኬ በእርግጥ ያርቀዋል። ነገር ግን ኦፍሴቱ ከ30 ወደ 0 ሲወርድ ጎማው 30 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ስለሚወጣ፣ መሪው ሲዞር የጎማው ውጫዊ ጠርዝ የሚያካልለው ቅስት ይሰፋል፤ በዚህም የፓራውልቱን ጥግና ከጎማው ኋላ ያለውን ግድግዳ መምታት ይጀምራል። ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈውም ጫና ይጨምራል። እንደ እኔ አስተያየት፣ ከውስጥ ለማይነካ ጎማ ስፔሰር መግዛት ችግር መግዛት ነው።

«ቆሜ መሪውን አዙሬ አይቻለሁ፤ አይነካም»

ሜዳ ላይ የማይነካ ጎማ ቦይ ሲሻገር ሊነካ ይችላል። አስተማማኙ ሙከራ ርካሽ ነው። የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ፣ የፓራውልቱን የኋላ ጠርዝና በጎማው በስተኋላ ያለውን የጋቢና ማሰሪያ በጠመኔ በደንብ ቀብቶ፣ ዝቅተኛ ቦይን በሰያፍ፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት፣ መሪውን አንድ ጊዜ ወደ ግራ ሌላ ጊዜ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙሮ ማለፍ ነው። ከዚያም በዚያው መንገድ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ወደ ኋላ እየሄዱ ፍሬን ሲያዝ በክንዶቹ መጋጠሚያ ያሉት ላስቲኮች (ጎሚኒዎቹ) ተለጥጠው እግሩን ጥቂት ያንቀሳቅሱታል። ከዚያ ወርዶ በባትሪ መብራት መመልከት ነው፤ ጠመኔው የጠፋበት ቦታ የሚነካው ቦታ ነው። ይህ ሳይታወቅ አንድም ዕቃ ባይገዛ ይመረጣል።

«ከነካ መቁረጥ ነው»

መጋዝ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መሣሪያ አይደለም። ፊቱ ሲነሳ የካስተር ማዕዘኑ (መሪ ሲዞር እግሩ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ የማዘንበል መጠን) ስለሚቀንስ መሪው በራሱ የመመለስ ኃይሉ ይዳከማል፤ አላይመንት ሲሠራ የታችኛውን ክንድ ማስተካከያ ብሎኖች ተጠቅሞ ካስተሩን መጨመር መሪውን ከማስተካከሉም በላይ ጎማውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይገፋዋል። ከኋላ ግድግዳ ጋር ለሚነካ ጎማ አንዳንዴ ይኸው ብቻ ይበቃዋል። ካልበቃ ፕላስቲኩን በሙቀት አለስልሶ ከጎማው አርቆ መግፋት፣ ከዚያም የላሜራውን ስፌት በመዶሻ አስተኝቶ ዝገት እንዳይገባ ቀለም መቀባት ይከተላል። የጋቢናው ማሰሪያ ጥግ ከተቆረጠ ግን ጋቢናውን ከሻሲ ጋር የሚያያዝ አካል ስለሆነ፣ በወፍራም ብረት ተዘግቶ መበየድ አለበት።

«ትንሽ መነካካት አይጎዳም»

ለስላሳ ፕላስቲክ ከሆነ እውነት ነው። የላሜራ ጠርዝ ከሆነ ግን የጎማውን ጎን ሊቀድ ይችላል፤ የፍሬን ቱቦ ከሆነ ደግሞ መኪናው ከጋራዥ መውጣት የለበትም።

«ከፍታው በበዛ ቁጥር ይሻላል»

እንደ ሃይሉክስ የፊት እግሮቹ ለየብቻ በሚንቀሳቀሱ መኪኖች ላይ ከ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ ሲኬድ፣ ኃይል ወደ ፊት ጎማዎች የሚያደርሱት አክስሎች ማዕዘን ስለሚጨምር መገጣጠሚያቸውና ግሪስ የሚይዘው ላስቲክ ቶሎ ያልቃሉ። ብዙም የማይነሳው ጉዳይ የፍሬን ነው። በብዙ የሃይሉክስ ሞዴሎች ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ፤ ጭነት ሲኖር የመኪናው ኋላ ዝቅ ስለሚል ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። የኋላው ባሌስትራ ከፍ ሲደረግ ግን በሻሲውና በአክስሉ መካከል ያለው ርቀት ስለሚጨምር፣ መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞም ቢሆን ቫልቩ የሚሠራው ባዶ እንደሆነ ቆጥሮ ነው። ስለዚህ መኪናው በተነሳበት ዕለት የዘንጉ ማሰሪያም አብሮ መስተካከል አለበት። ጎማው ስላደገ ፍጥነት መለኪያው 100 ሲል መኪናው 107 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ መሆኑም ሲታሰብ፣ የኋላ ፍሬኑ ሙሉ ኃይሉን ማግኘቱ የበለጠ ያስፈልጋል።